«እሺ» ለየትኛው ጥያቄ ነው? የኢሜይል ሥነ ምግባር መመሪያን በእኛ ዓይን ማንበብ

በዕብራይስጥ «ሺርሹር» የምንለው ረጅም የሜይል ሰንሰለት ላይ «እሺ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሲመጣ፣ ለየትኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው? እኛ ወጣቶቹና ትልልቆቻችን በአንድ ሺርሹር ውስጥ ስንጻጻፍ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ነገር ላይ ከተጻፉት የታወቁ ጽሑፎች አንዱን ልተች ነው።

ጽሑፉ አር ኤፍ ሲ 1855 ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በኦክቶበር 1995 የወጣ፣ የኢንቴል ባልደረባ የነበረችው ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጀችው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ነው። ምክሩ ግልጽ ነው፦ ስትመልሱ የምትመልሱለትን ነገር ከላይ አጠቃልሉ፤ ወይም ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ቅዱ። ርዕሱ ይዘቱን ይግለጽ። ወሬው በሁለት ሰው መካከል ከቀረ ሌሎቹን ከተቀባዮች ዝርዝር አውጡ። ከ100 መስመር በላይ የሆነው ደግሞ «ረጅም» ነው።

ይሄ ምክር አላረጀም። እንዲያውም አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ የሜይል ፕሮግራሞች አዲሱን መልስ ከላይ አድርገው የድሮውን ሁሉ ከሥሩ በራሳቸው ይለጥፉታል። መሃል ላይ የተጨመረ ሰው ነገሩን ለመረዳት ከታች ወደ ላይ ማንበብ ሊኖርበት ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው? መመሪያው ባህል፣ ቋንቋና የቀን አጻጻፍ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ያስታውሳል፤ ግን ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። ለእኛ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ለሲግድ ዝግጅት ሦስት ጥያቄ ተላከ እንበል፦ ወደ አርሞን ሃነጺቭ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳ? ምግቡን ማን ያዘጋጅ? ቄሶቹን ማን ይጥራ? አንድ ታላቅ ሰው «እሺ፣ በ3 ሰዓት» ብለው መለሱ። እሳቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት ማለታቸው ነው፤ በእስራኤል 9:00 መሆኑ ነው። በዕብራይስጥ የሚያስብ ልጅ ግን 15:00 ብሎ ያነበዋል። በዚያ ሰዓት ቢነሳ የጠዋቱ ጸሎት አልፎ ነው የሚደርሰው። «እሺ»ውስ? «ተስማምቻለሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ሰምቻለሁ» ብቻም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ፊት ለፊት «አይሆንም» ላለማለት የሚባል ነው። ቁጭ ብለን ብናወራ ከፊታቸው እንለየው ነበር። ሜይል ላይ ፊት የለም።

ሌላው አክብሮት ነው። መመሪያው ስለ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለው ነገር የለም። የሰውን ቃል መስመር በመስመር ቆርጦ ከሥሩ መልስ መጻፍ ለእኩያ ይሆናል፤ ለታላቅ ሰው ግን መስቀለኛ ጥያቄ ይመስላል። በዕብራይስጥ ለሁሉም «አታ» ማለት ስለለመድን፣ ወደ አማርኛው ስንዞር «እርስዎ» መንገድ ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «በቃ፣ ለትልልቆቹ ስልክ እንደውልና ሜይሉን ለእኛ እንተወው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ውሳኔው የሚጻፈው ሜይሉ ላይ ከሆነ፣ እዚያ የሌለ ሰው ከውሳኔውም ወጣ ማለት እኮ ነው። ኋላ ላይ «ማን አማከረን?» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ የመመሪያውን ምክር እንያዝ፣ የእኛንም እንጨምርበት። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስለ አውቶቡሱ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእስራኤል 9:00 እንደሚነሳ ተረድቻለሁ፤ ልክ ነኝ? ስለ ምግቡና ስለ ቄሶቹ የእርስዎን ሐሳብ እንጠብቃለን።» ሰላምታው አለ፣ አክብሮቱ አለ፣ የተመለሰውና ያልተመለሰውም ተለይቷል። አማርኛና ዕብራይስጥ ከጻፋችሁ ደግሞ ለየብቻ መስመር ስጧቸው፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ስለሚጀምር አንድ መስመር ላይ ሲቀላቀሉ ቁጥሩና ነጥቡ ቦታውን ሊስት ይችላል።

የሳሊ ሃምብሪጅን መመሪያ አንብቡት፤ ይጠቅማል። «እሺ» የሚል መልስ ሲመጣላችሁ ግን መመሪያው አይፈታላችሁም። «ለየትኛው ነው ጋሼ?» ብላችሁ በትሕትና መልሳችሁ ጠይቁ።