በራድ የሚታወቀው ሲቀዳ ነው

በራድ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙና ቅርጹ ላይ ነው። የጃፓን ሻይ ሲቀዳ የኖረ ሰው ግን ሻጩ ከፈቀደለት ውሃ ሞልቶ ያዘነብለዋል። ውሃው ሳይቆራረጥ ይወርዳል? መቅዳቱን ሲያቆም ከመቅጃው ሥር ወደ በራዱ ሆድ ይንጠባጠባል? ቀጥሎ ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ እንደገና ያዘነብላል። ክዳኑ በደንብ የገጠመ ከሆነ አየር መግቢያ ስለሚያጣ ውሃው መውረዱን ያቆማል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ጃፓኖች ኪዩሱ የሚሉት በራድ ሻይ የሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም። የጀበና ቡና አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል፤ የኪዩሱ ሻይ ግን መጠበቅ አይወድም። ውሃው ከቅጠሉ ጋር በቆየ ቁጥር ምሬት ይጨምራል፣ ለሁለተኛው ዙር የሚተርፈው ጣዕምም ይሟጠጣል። ስለዚህ በየዙሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መንጠፍጠፍ አለበት። ውሃ አስቀርቶ የሚቀዳ በራድ የቱንም ያህል ቢያምር በዚህ ሥራ ወድቋል።

ሴንቻ የሚባለው አረንጓዴ ሻይ በዛሬው መልኩ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባይሳኦ በሚል ስም የሚታወቁት መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1735 ኪዮቶ ውስጥ ቅጠል ሻይ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ናጋታኒ ሶኤን የተባሉ የኡጂ አካባቢ ገበሬ ቅጠሉን በእንፋሎት አብስሎ፣ እያሹ የማድረቅን ዘዴ አሻሻሉ። ቅጠሉ ሲለወጥ ዕቃውም አብሮ ተለወጠ።

ከዕቃው ጋር ስሟ አብሮ የሚነሣው ከተማ በአይቺ ግዛት የምትገኘው ቶኮናሜ ናት። ከጃፓን ስድስት ጥንታዊ የሸክላ ማዕከላት አንዷ ስትሆን፣ ለዘመናት የታወቀችው በትልልቅ ጋኖች ነበር፤ ኋላም በፍሳሽ ቱቦ። ዶካንዛካ የሚባለው ዳገቷ እስከ ዛሬ በሸክላ ቱቦዎችና በአሮጌ የአረቄ ገንቦዎች ግራና ቀኝ ተደግፎ ይታያል። እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ በለመደ ከተማ በአንድ እጅ የሚያዝ ቀይ በራድ መሠራት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ጂን ሺሄንግ የተባለ ቻይናዊ ወደ ቶኮናሜ ተጋብዞ የአገሩን የዪሺንግ ከተማ በራድ አሠራር አስተማረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የጃፓን መንግሥት ሦስተኛውን ያማዳ ጆዛን በዚሁ የበራድ ሥራቸው «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ ሰየማቸው።

የአንድ ኪዩሱ ሆድ፣ ክዳን፣ መቅጃና እጀታ ለየብቻ ይሠራሉ። ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ገና ሳይደርቅ፣ ይገጣጠማሉ። ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ክዳኑ በራሱ በራድ ላይ በደቃቅ መሞረጃ ዱቄት እየተሽከረከረ ይሞረዳል። የቶኮናሜ ክዳን ያለመንገጫገጭ የሚቀመጠው በዚህ የተነሣ ነው። ክዳኑ የተሰበረበት ሰው ከሌላ በራድ አምጥቶ ልክክ ለማድረግ የሚቸገረውም ለዚሁ ነው።

እጀታው ከጎን መውጣቱ ለማያውቀው ሰው ጌጥ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እጀታውን በአራት ጣት ጨብጦ፣ ክዳኑን በአውራ ጣት ተጭኖ፣ አንጓን ብቻ ዞር በማድረግ መቅዳት ያስችላል፤ ሁለተኛ እጅ አያስፈልግም። የተለመደው ለቀኝ እጅ የተሠራው ነው። ግራኝ ገዢ ለግራ እጅ የተሠራውን ይጠይቅ፤ አለ። ጊዮኩሮ ለሚባለው በጥላ ለሚያድግ ውድ ሻይ ደግሞ እጀታ የሌለው ሆሂን አለ። ውሃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ስለሆነ እጅ አያቃጥልም።

ገዢ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ግን ውስጡን ማየት ነው። መቅጃው ሥር ያለው ማጥለያ ከራሱ ከሸክላው ተሠርቶ በደቃቅ ቀዳዳዎች የተበሳ ከሆነ ለተራ ሴንቻ የሚተካከለው የለም፤ ቅጠሉ እንደ ልቡ ይዘረጋል፣ ዝገትም አያሰጋም። ፉካሙሺ የሚባለው ለረጅም ጊዜ በእንፋሎት የበሰለ ሴንቻ ግን ቅጠሉ የተፈረካከሰ ነው፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለእሱ ደቃቅ የብረት ወንፊት ያለው ይሻላል። ሁሉንም ቅጠል እኩል የሚያገለግል በራድ ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ አፈሩ ብዙ ይባላል። የቶኮናሜ ቅላት የመጣው በአፈሩ ካለው የብረት ኦክሳይድ ነው። በሚኤ ግዛት የዮካይቺ ባንኮ በራዶች ደግሞ አየር ባነሰው እቶን ስለሚተኮሱ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ቡናማ ይሆናሉ። ብረቱ የሻዩን ምሬት ያለዝባል የሚሉ ሻጮች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ምሬትን ከምንም በላይ የሚወስነው የውሃው ሙቀትና የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለሴንቻ ከ70 እስከ 80 ዲግሪና አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የፈላውን ውሃ ከስኒ ወደ ስኒ ይገልብጥ፤ በየግልበጣው ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ለተቆላው ሆጂቻ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የፈላ ውሃና ሰፊ በራድ ይበቃዋል።

መጠኑም ትንሽ ይሁን። ለሁለትና ለሦስት ሰው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ሲቀዳም አንዱን ስኒ ሞልቶ ወደ ሌላው አይታለፍም፤ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ከስኒ ስኒ እየተዘዋወረ ጥቂት ጥቂት ይቀዳል።

ሸክላው ቅብ ከሌለው ሳሙና አይንካው፤ ቅጠሉን ደፍቶ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅና ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ ይበቃል። እንዲህ ያለው ሸክላ ሽታ ይይዛል። እናም ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ በሚፈላበት ቤት ኪዩሱ የሚገባ ከሆነ፣ ለቅመሙ ሻይ የተለመደው በራድ ይቆይ፤ ኪዩሱ ለአረንጓዴው ብቻ ይለይ።