ነውረኛ መጽሐፍና የዳኛ ንባብ

በስርቆት የሚፈርድ ዳኛ ዕቃውን አይቶና ምስክር ሰምቶ ይፈርዳል፤ በመጽሐፍ የሚፈርድ ግን አስቀድሞ አንባቢ መሆን ይገባዋል። ወንጀሉ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ከንባቡ በኋላ ነውና። ስለዚህ ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎችን ብቻ ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችንም ይነካል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነውረኛ ጽሑፍንና ሥዕልን ማሠራጨትን ከልክሎ ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ክልከላውን በአንቀጽ 640 አጸና። የሚቀጣውም የሠራው ብቻ ሳይሆን ያስመጣው፣ የሸጠው፣ ያከራየውና ያሠራጨው ሁሉ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 642 አንድ በር ከፈተ፤ የሥነ ጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የሳይንስ ጠባይ ብቻ ያለው፣ ፍትወትንም ለማነሣሣት ታስቦ ያልተሠራ ሥራ እንደ ነውረኛ አይቈጠርም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። «ልብ ወለድ ነው» ማለት ብቻውን ደራሲውን አያድነውም፤ «ነውር ቃል አለበት» ማለትም ብቻውን አይኰንነውም። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው «ታስቦ» በሚለው ላይ ነው፤ የመጽሐፍ አሳብ ደግሞ ከአንድ ገጽ አይገኝም። የትርጓሜ መምህር መኃልየ መኃልይን ሲያስተምር ከንፈርና ጡት የተጠሩበትን ቃል ከመጽሐፉ ምሥጢር ነጥሎ አይፈታም፤ የቅኔ ተማሪም ሰሙን ይዞ ወርቁን ቢስት ቅኔውን ፈታ አይባልም።

የውጭው ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ድካም ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1857 በፓሪስ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ስለተባለው ልብ ወለዱ ተከስሶ በነጻ ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ያው ዐቃቤ ሕግ ገጣሚውን ቦድሌርን ከስሶ መቀጮ አስፈረደበት፣ ስድስት ግጥሞቹም ተከለከሉ። ፍርዱ የተሻረው በ1949 ነው። በእንግሊዝ አገርም ከ1868 ጀምሮ ጽሑፍ ይመዘን የነበረው በደካማው አንባቢ ልብ ነበር፤ መጽሐፉ በጠቅላላው እንዲመዘን ሕግ የወጣው በ1959 ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት የሎውረንስ «የሌዲ ቻተርሊ ወዳጅ» ተነቦ አሳታሚው በነጻ ተሰናበተ።

በእኛ አገር የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ ነው። የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃን ሌሊት የሚተርከው ይህ ልብ ወለድ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቢጻፍም፣ በቅድመ ምርመራ ምክንያት ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቈየ። ሽማግሌ በሽፋን የሚናገረውን ደራሲው በግልጥ ይጠራዋል፤ ተነጥለው ቢነበቡ ከሳሽን የሚረዱ ገጾችም አሉበት። መጽሐፉን የፈጸመ አንባቢ ግን በልቡ የሚቀረው ፍትወት ሳይሆን፣ ሌሊታቸውን ሸጠው ለሚኖሩት ሴቶች ማዘን ነው። ይህንንም የሚያውቅ የፈጸመው ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራን ከልክሎ፣ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ግን ገደብ እንዲደረግ ፈቀደ። መርማሪው በጓዳ ያለ ምክንያት ይከለክል ነበር፤ ዳኛ ግን በአደባባይ ተከሳሹን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርዳል፣ ይግባኝም ይባልበታል። ትርፉ ይህ ነው፤ ዳኛው ካላነበበ ግን ትርፉ ጠፋ።

ነገሩ የዋና ከተማ ብቻ አይምሰለን። በከፋ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ፣ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ቢከሰስ፣ ዳኛው በአማርኛ የተጻፈውን መጽሐፍ የሚመዝነው በቤቱ ካፊ ኖኖ በሚነጋገር ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ነው። በአንዱ ቋንቋ በሸንጎ የሚነገር ቃል በሌላው አንገት ያስደፋል። ስለዚህ የቃሉን ድምፅ ብቻ ሰምቶ መፍረድ አያስተማምንም።

የሕፃናት ጉዳይ ግን ለብቻው ይታይ። ለዐዋቂ የተፈቀደ መጽሐፍ በተማሪዎች መንገድ ላይ በመስኮት ተሰቅሎ ይታይ ማለት አይደለም፤ ሕጉም ለእነርሱ የተለየ ጥበቃ አድርጓል። ሻጩ ለማን እንደሸጠ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ደራሲው ለምን ጻፈ ብሎ መመርመር ሌላ ነው።

እንግዲህ ከፍርድ ቤት የምንፈልገው ምሕረት አይደለም፤ ፍርዱ መጽሐፉ በሙሉ መነበቡን፣ ስለ ድርሰት የሚያውቁ ሰዎች መጠየቃቸውን፣ አሳቡም ከምን እንደታወቀ እንዲገልጥ ነው። አንብቦ የተሳሳተ ዳኛ በይግባኝ ይታረማል፤ ሳያነብ የቀጣ ግን መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም አቃሏል።