እርሾን በአፍንጫ መመዘን

የሊጥ ዕቃ ክዳን ሲነሳ ቀድሞ የሚፈርደው አፍንጫ ነው። በሦስተኛው ቀን የጤፍ ሊጥ ላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ኮምጠጥ ያለ፣ ግን ንጹሕ ሽታ ካለውና ምራቅ ካስመጣ እርሾው ደህና ነው። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ሊጡ ከልኩ በላይ ቆይቷል ማለት ነው፤ ይህ ይድናል፤ ውሃውን አቅርራችሁ ደፍታችሁ አዲስ ዱቄትና ውሃ ስጡት። የበሰበሰ ነገር ከሸተተ፣ ወይም ላዩ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ካመጣ፣ ወይም ጸጉራም ሻጋታ ካበቀለ ግን ላዩን ገፎ መጠቀም የለም። ሁሉም ይደፋ፣ ዕቃውም በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርሾን አንድ ነገር አድርጎ ሲያስብ ነው። በሱቅ በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ እርሾ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ የሚባል አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ስኳር ይበላል፣ ጋዝና አልኮል ያወጣል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። የቡሃቃው እርሾ ግን ማኅበር ነው፤ የተለያዩ የዱር እርሾዎችና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖሩበታል። ዓይኑን የሚያወጣው ጋዙ ነው፤ ኮምጣጣነቱን የሚሰጠውና ሻጋታን የሚያዘገየው አሲዱ ነው። የጤፍን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባል ነገርም ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ጊዜ ነው፤ ፓኬቱ ጊዜን መተካት አይችልም።

ስለዚህ እንጀራን ስትመዝኑ የዓይኑን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። ደረቅ እርሾም፣ ቤኪንግ ፓውደርም (እሱ ጭራሽ እርሾ አይደለም) ዓይን ያወጣሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ዓይኑ ከዳር እስከ መሃል እኩል ተበትኗል ወይ? ጀርባው ሳይሰነጠቅ ለስልሷል ወይ? ሲጠቀለል ይበጠሳል ወይስ ይታዘዛል? ከዚያ ወጥ ሳላጠቅስበት ባዶውን እቀምሰዋለሁ። በጥሩ እንጀራ መጀመሪያ የጤፉ ጣዕም ይመጣል፣ ኮምጣጣነቱ ኋላ ይከተላል። ምላስ ላይ ቀድሞ የሚነክስ ከሆነ ቆይቷል፤ ጣፈጥ ብሎ የዱቄት ጣዕም ካለው አፍለኛ ነው። አፍለኛ የሚወድ ሰው አለ፣ አልቃወመውም። የዳቦ ቤት ሽታ የሚሸት እንጀራ ግን በፓኬት የተነሳ ነው፤ በማግስቱ ሲደርቅና ሲፈረፈር ራሱን ያጋልጣል።

ከእርሾው ቀጥሎ ሙያ የሚለየው አብሲት ነው። ጤፍ ስንዴ ጋዙን የሚይዝበት ግሉተን የለውም። ስለዚህ ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ሲወፍር ቀዝቅዞ ወደ ሊጡ ይመለሳል። የበሰለው ስታርች ሊጡን አያይዞ ጋዙ ቶሎ እንዳያመልጥ ያደርጋል። እዚህ ላይ የሚቸኩል እጅ ብዙ ያበላሻል፤ አብሲቱ በትኩሱ ከተጨመረ ሦስት ቀን የተጠበቀውን እርሾ በደቂቃ ይገድለዋል። እጅ የማያቃጥል ለብታ ይበቃል። ከዚያ ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ኩፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ካገኛችሁት ግን ዘግይታችኋል፤ ምጣዱ ቀድሞ መጋል ነበረበት።

ሊጡ የሚደርስበትን ቀን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን የቤቱ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ በክረምት ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ቶሎ ይደርሳል። ዋሽንግተን አካባቢ በጥር ወር ያቦካሁት ሊጥ አራት ቀን ሙሉ እንደ ጭቃ ተኝቶ አስለቅሶኛል። መፍትሔው ፓኬት መጨመር አልነበረም፤ ዕቃውን መብራቱ ብቻ በበራ ምድጃ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ በማግስቱ ተነሳ። በስደት ያለ ሰው ቸኩሎ ደረቅ እርሾ ቢጠቀም አልፈርድበትም፤ ግን ያንን የቡሃቃ እርሾ ሥራ ነው ብሎ እንግዳ ፊት አያቅርብ።

ለስንዴ ዳቦ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ደረቅም ሆነ እርጥብ እርሾ በሙሉ ክብሩ ይገባል። እርጥቡን እርሾ ስትገዙ ቀለሙ ፈዛዛ ክሬም፣ ሲቆረስ ፍርክስክስ የሚል ይሁን፤ ዳሩ ቡናማ የሆነውን ወይም የሚያሙለጨልጨውን ተዉት። ደረቁን ከተጠራጠራችሁ ለብ ባለ ውሃ ላይ ከጥቂት ስኳር ጋር በትኑት፤ በ10 ደቂቃ አረፋ ካልደፈቀ ሞቷል። ከዱቄት ጋር በቀጥታ የሚቀላቀለው ፈጣን ደረቅ እርሾ 1 ግራም በግምት 3 ግራም እርጥብ ይተካል። ለ1 ኪሎ ዱቄት ከ7 እስከ 10 ግራም ፈጣን እርሾ ቶሎ ያነሳል። ለድፎ ዳቦ ግን እኔ 2 ወይም 3 ግራም አድርጌ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ፤ ከጥቁር አዝሙዱና ከኮባው መዓዛ ጋር የሚስማማው በዝግታ የቦካ ሊጥ ነው። እርሾ የበዛበት ዳቦ ሲቆረስ ትልልቅ ቀዳዳ አለው፣ ይፈረፈራል፣ የእርሾው ሽታም ቅመሙን ይጫነዋል።

ጠጅ ላይ ፓኬት መጨመርን አልደግፍም። ማሩ፣ ጌሾውና ዕቃው ራሳቸው በቂ እርሾ ይዘው ይመጣሉ።

ለጾም የሚሆነው፣ ውጭ አገር ሱቅ የሚገኘው ቢጫ፣ ቅርፊት መሰል እርሾ ደግሞ የሞተ ነው፤ ምንም አያነሳም። ሥራው ማጣፈጥ ነው። የአይብ የሚመስል ጣዕም ስላለው ፓስታና የጾም ሾርባ ላይ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ነስንሱት። ቫይታሚን ቢ12 ፈልጋችሁ ከሆነ መለያውን አንብቡ፤ ፋብሪካው ካልጨመረበት የለውም።

የቡሃቃውን እርሾ ግን ማንም በፓኬት አይሸጥላችሁም። ሊጡን ጋግራችሁ ስትጨርሱ አንድ ኩባያ አስቀሩ፣ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩት። በዚሁ ሳምንት አዲስ ዱቄት ስጡት። ጎረቤት እርሾ ብላ ከመጣች ደግሞ ከዚያው ቀንሳችሁ ስጧት።