በአንድ መስመር ትእዛዝ የምትፈካ ጽጌረዳ

የአቅጣጫ መረጃ በተራ ሂሳብ አይገዛም። ነፋሱ ዛሬ ከ350 ዲግሪ፣ ነገ ከ10 ዲግሪ ቢነፍስ ሁለቱም የሰሜን ነፋስ ናቸው፤ ደምረን ለሁለት ብናካፍላቸው ግን 180 ይወጣል፣ ድፍን ደቡብ! መፍትሔው መረጃውን በክብ ላይ ማየት ነው። ሮዝ (ጽጌረዳ) ዲያግራም ልኬቶቹን እንደየአቅጣጫቸው ይመድባል፤ ብዙ ልኬት የገባበት የአበባ ቅጠል ይረዝማል።

እኔ የምወደው በካርታና በሥዕል መሥሪያው ጂኤምቲ (GMT) ሲሠራ ነው። ፖል ዌሰልና ዋልተር ስሚዝ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ የጀመሩት ይህ ነጻ ሶፍትዌር የሚታዘዘው በማውዝ ሳይሆን በጽሑፍ ነው። «ሮዝ» የተባለው ትእዛዝ የቅጠሉን ስፋት በ«ኤ» ይቀበላል፤ 10 ዲግሪን 20 ለማድረግ ቁጥሩን መለወጥ ይበቃል። በ«ቲ» ደግሞ 20 እና 200 ዲግሪ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች መሆናቸው ይነገረዋል። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ቅጠል የሚሸፍነው ቦታ አራት እጥፍ ሆኖ ዓይን እንዳያታልል የሚያርም አማራጭም አለው።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን ዋና ስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች አቅጣጫ እንስጠው። የሸለቆው ዳር ስንጥቆች ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዘረጉ፣ በሸለቆው ወለል ላይ ያለው የወንጂ ቀጠና ስንጥቆች ይበልጥ ወደ ሰሜን ያዘነብላሉ። በቁጥር ዓምድ ውስጥ የማይታየው ልዩነት በሥዕሉ ላይ ሁለት ቅጠል ሆኖ ይወጣል። ትእዛዙ በፋይል ስለሚቀመጥም አዲስ ልኬት ሲመጣ መልሶ ማስኬድ ብቻ ነው፤ የሚጠራጠር ባልደረባም ሥዕሉ እንዴት እንደተሠራ መስመር በመስመር መመርመር ይችላል።