ከአጥንቱ በፊት ዲስኩ

አከርካሪያቸው የተሰበረ እናት ስብራት ብለው አይመጡም። «ማገዶ ላነሳ ጎንበስ ስል ቀጭ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስቆም ይቆርጠኛል፣ ጋደም ስል ያሻለኛል» ይላሉ። መውደቅ የለ፣ መመታት የለ፤ ስለዚህ ብርድ ነው ተብሎ በቅቤ ይታሻሉ። የምሠራበት ደባርቅ ደጋ ነውና ብርድ ሰበብ መሆን አይቸግረውም።

ራጁን ወደ ብርሃን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው የተጨፈለቀውን አጥንት አይደለም፤ ከላይና ከታች ያለውን ዲስክ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ትራስ ነው። በዕድሜ የሳሳ አከርካሪ ከፊት በኩል ዝቅ ብሎ ሽብልቅ ይመስላል። ይህም የሚበዛው ጎድን የያዘው ደረት ከሚተጣጠፈው ወገብ በሚገናኝበት፣ በ12ኛው የደረትና በ1ኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ነው። ዲስኩ ግን እንዳለ ነው። ዲስኩ ጠብቦ የሁለት ጎረቤት አጥንቶች ጠርዝ ተበልቶ ካየሁ ሐሳቤ ወደ ቲቢ ይሄዳል፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የጻፈለት ጉብጠት ማለት ነው። የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ ጋደም ሲሉም የማይለቅ ሕመም ካለ ጥርጣሬዬ ይጠናል። ዲስኩ ደህና ሆኖ ሕመሙ ሌሊት ከባሰ ደግሞ ካንሰርን አስባለሁ። የሳሳው አጥንት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ይጠግናል፤ የአከርካሪ ቲቢ የ12 ወር መድኃኒት ይፈልጋል። ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት ስለ አጥንት መሳሳት ገጽ አይቆጥቡም፤ እዚህ ግን ቲቢን ሳያጣሩ «ዕድሜ ነው» ማለት ድፍረት ነው ባይ ነኝ።

ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ። ጀርባ ግን አይረገጥም፣ አይጎተትም፤ ህብለ ሰረሰር እዚያው አጠገብ ነው። እግር ከዛለ፣ ሽንት ከተያዘ፣ መቀመጫ ከደነዘዘ በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ነው። በሰሜን ተራሮች ካለው ከቡይት ራስ ወዲያ ከገደል የወደቀ እረኛ በጋቢ አራት ጫፍ ተይዞ ሲመጣ ወገቡ መንገዱን ሁሉ ይታጠፋል፤ ሳንቃ የተነጠፈበት ቃሬዛ ይሻላል።

ለአሮጊቷ የሚቀረው ማስታገሻ፣ የጥቂት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ መነሳት ነው። ከልጆቻቸው ጋር የምንከራከረውም እዚህ ላይ ነው። ወር ሙሉ ማስተኛት እንክብካቤ ይመስላቸዋል፤ መተኛት አጥንትን ይብሱን ያሳሳል። «እማማ፣ በጎን ይዙሩ፤ ጉልበትዎን ያጥፉ፤ እግርዎ ከመደቡ ሲወርድ በክንድዎ ይግፉ» እላለሁ። ሲነሱ ወገብ አይጠመዘዝም።

«ውኃውን ማን ይቅዳ ልጄ?» ይሉኛል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ለአህያ ወይም ለልጅ፣ ባለ 5 ሊትሩ ሲሻላቸው ለእሳቸው። የአጥንት መሳሳት መድኃኒቱ አሌንድሮኔት ከተገኘም በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት የለም። ቀና ብለው መቀመጥ ላልቻሉ አላዝም፤ ጉሮሮ ያቆስላል።