ከመሳቢያው ጀርባ

አናጺ አባት ሲያልፍ ለልጆቹ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ስለ እሱ የሚነገረውና እሱ የሠራው። የሚነገረው ከዓመት ዓመት እየተቃና ይሄዳል፤ ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር፣ እጁ ወርቅ ነበር ይባላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። የሠራው ግን ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ፣ ፎቶ ተደርድሮበት ዝም ይላል። እንጨት ስንልግ ለምንውል ሰዎች ይህ ዝምታ ያሳዝናል፤ ዕቃው ሟቹን ከለቅሶ ቤት ጨዋታ ሁሉ በዝርዝር ያውቀዋልና። እንዲህ ያለውን አባት ማስታወስ የሚጀምረው ሥራውን ማንበብ ሲጀመር ነው ብዬ አምናለሁ። የሚነበበው ደግሞ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ሳይሆን ማንም የማያየው ጀርባው ነው።

አንድ የቆየ የዋንዛ ኮመዲኖ እንውሰድና መሳቢያውን ጨርሰን እናውጣው። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ቫርኒሽ ጠጥቷል፤ እዚያ የምናገኘው ገዢው እንዲያይ የተፈለገውን ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ግን የመላጊያው ምላጭ ያለፈበት ጎድጎድ ያለ መንገድ እንዳለ አለ፤ ጣት ሲሄድበት ይሰማል። መጋጠሚያው አጠገብ በሹል ብረት የተጫረች ቀጭን መስመር ትታያለች፤ መሮው የት እንደሚቆም የነገረችው እሷ ናት። መስመሯ ላይ ልክ ያቆመ እጅና ቸኩሎ ያለፋት እጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይለያሉ። ቀጥሎ ወለሉን ጫን እናድርገው፤ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሙያውን የማያውቅ ሰው «ላልቷል» ይላል። አልላላም፤ ዙሪያውን በተቦረቦረለት ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ ኮላ ሳይነካው፣ ሆን ተብሎ ነው የተለቀቀው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አያርፍም። ክረምት ሲገባ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ ሐምሌ ላይ አልዘጋ የሚል በር ጥር ላይ የሚላላው ለዚህ ነው። በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ አይባልም። በወርዱ ግን ይለወጣል፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ ያለው ለውጥ ደግሞ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን በኮላና በሚስማር የታሰረ ሰፊ ጣውላ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በርክክቡ ዕለት አይታይም፤ ገዢው ከፍሎ ከሄደና በጋዎች ካለፉ በኋላ ነው የሚመጣው። ቦዩ ውስጥ የተተወችው የሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት እንግዲህ ማንም ያልጠየቃት፣ ዋጋ ያልተቆረጠላት፣ ምስጋናም የማታስገኝ ሥራ ናት። ያ ሰው የማያየውን ዓመት አስቦ ሠርቷል። ስለ አንድ አባት ይህን ያህል የማያወላዳ ምስክር ከየት ይገኛል?

ክፉ ሰውም ጥሩ ወንበር ይሠራል ይባል ይሆናል። ልክ ነው። መጋጠሚያ አናጺው ቤቱ ሲገባ ልጆቹን እንዴት እንደሚያናግር አይናገርም፤ ይናገራል የሚል ካለ ከእንጨት የማይገባ ነገር እየጠየቀ ነው። የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊቆጣጠረው ለማይችል ሰው እንዴት እንደሠራ። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የድህነት ነው። ዋንዛ ሲወደድና ደንበኛው ርካሽ ሲፈልግ በቺፕውድና በሚስማር የሠራውን አባት ምን እንበለው? እሱንም እናንብበው። ሚስማሩን ከጣውላው ጫፍ ራቅ አድርጎ ነው የመታው? የቺፕውዱን ጠርዝ ውኃ እንዳይጠጣ ሸፍኖታል? ዕቃው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ጥንቃቄው ግን በርካሽ ዕቃም ላይ ይታያል፤ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል።

ይህን ንባብ አጥብቄ የምሻበት ሌላ ምክንያት አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በማቴዎስ ወንጌል ክርስቶስ የጸራቢ ልጅ ይባላል፣ በማርቆስ ራሱ ጸራቢው ይባላል፤ የአገሩ ሰዎች በሁለቱም ቦታ ይህን ያሉት ሊያከብሩት አልነበረም። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ አናጺ ስሙን በሥራው ላይ አይጽፍም። ፊርማው ያቺ የተጫረችው መስመር ናት።

ታዲያ ዕቃው እንዳይጎዳ ሸፍኖ ማስቀመጥ አይሻልም ወይ? አይመስለኝም። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን እናስብ፤ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነባ ግድግዳው ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው እየተቀደሰበት፣ እየተጠገነ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ያሳዩናል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ የወራጁን ጫፍ፣ የዝንጀሮ ራስ የምንለውን፣ በሩንም ከነመቆለፊያው ሳይቀር በድንጋይ ቀርጸውታል። በድንጋይ ላይ ያ ጫፍ የሚሸከመው ነገር የለም፤ የሚሸከም ሆኖ የኖረው በእንጨት ሥራ ነው። የዚያ ዘመን ቤቶች እንጨት በስብሶ ሲጠፋ አሠራሩ የተረፈው ሌላ እጅ ስላነሳው ነው።

ለኮመዲኖውም እንዲሁ ይሁንለት። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ጠርዝ ከብዙ መከፈት ይበላል፤ ያኔ መጣል ወይም ዳግም እንዳይከፈት መተው ሳይሆን የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ፣ የእንጨቱን ክር ከአሮጌው አቅጣጫ ጋር አስማምቶ አዲስ ዋንዛ መግጠም ነው። ቀለሙ ለጊዜው ይለያል፤ ይለይ። መሮው ከመነሳቱ በፊት ግን በሹሉ ብረት መጫር አለበት። ከዚያ በኋላ መሳቢያውን የሚያወጣ ሰው ሁለት መስመር ያገኛል፤ የአባትዬውና የጠጋኙ።