ከዜሮ የማይጀምር ልኬት

በሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ውስጥ ቀድሞ የሚታመመው ሞተሩ ሳይሆን ሴንሰሩ ነው። ሞተር ሲታመም ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይሸታል። ሴንሰር ግን ታሞም ቁጥር መስጠቱን አያቆምም። የቁጥጥር ሥርዓቱም የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነውና የተሳሳተውን ቁጥር አምኖ ይሠራል። እኔ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ዙሪያ ባሉ ማበጠሪያዎች ፓኔል ስጠግን የኖርኩ ቴክኒሻን ነኝ። ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ ወጣቶች ዘወትር የምነግራቸውም ከመሣሪያው ስም በፊት ልኬቱ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚታመን እንዲጠይቁ ነው።

የመተማ ቆላ ለልኬት ይከብዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፤ የተዘጋ ፓኔል ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። አብዛኛው መደበኛ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል የሚባለው የአካባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ሳያልፍ ነው። ጎንደር ከተማ ላይ የሚያስቸግረው ከፍታው ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም። መተማ ከፍታው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ያንኑ ጉልበት ይቀንሳል። ከሙቀቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አቧራው ነው። ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ አቧራው ደረቅ አይደለም፤ ይጣበቃል። ፍሬውን በቀለሙ በሚለየው ማሽን፣ በከለር ሶርተሩ፣ የካሜራ መስታወት ላይ ስስ ሆኖ ሲለጠፍ ነጩ ፍሬ ቡናማ መስሎ ይታያል። ማሽኑም የታዘዘውን ያደርጋል፤ ጥሩውን ሰሊጥ በአየር እየመታ ከቆሻሻው ጋር ይጥለዋል። ገበሬው በጥቅምትና በኅዳር አጭዶ፣ ከምሮ፣ አራግፎ ያመጣው፣ ወደ ምርት ገበያ መጋዘን ሊገባ የደረሰ ሰሊጥ መስታወት ባለመወልወሉ ይባክናል። ይህ ያንገበግበኛል።

ከሙያው ጽንሰ ሐሳቦች ሁሉ አብልጬ የማከብረው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚባለውን የሲግናል ስምምነት ነው። አንድ ሲሎ ባዶ ሲሆን መለኪያው 4 ሚሊአምፔር ይልካል፣ ሲሞላ 20፣ ግማሽ ሲሆን 12። ለምን ከዜሮ አልጀመረም? ዜሮ ለሌላ ነገር ስለተጠበቀ ነው። ሽቦው ሲበጠስ፣ አይጥ ሲበላው፣ ፊውዝ ሲቃጠል የሚመጣው ዜሮ ነው። ስለዚህ 4 ማለት «ባዶ ነው» ማለት ሲሆን 0 ማለት «አላውቅም» ማለት ነው። ሲግናሉ ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ ፒኤልሲው (ማሽኖቹን የሚያዘው ኮምፒውተር) የተበጠሰውን ሽቦ ባዶ ሲሎ ብሎ ያነበው፣ በሩንም ከፍቶ በሞላ ሲሎ ላይ ሰሊጥ ያፈስ ነበር። ናሙር የተባለው የጀርመን የኢንዱስትሪ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ የሆነ ሲግናል እንደ ብልሽት እንዲቆጠር ይመክራል። ፕሮግራም ስጽፍ ከሁሉ በፊት የማስገባው ይህንን መስመር ነው። «አላውቅም» ማለት የማይችል መለኪያ ያለበትን ማሽን ማታ ላይ ለብቻው ትቼ መሄድ አልወድም።

ቀጥሎ ግብረ መልስ ይመጣል። ትዕዛዝ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ትዕዛዙ መፈጸሙን ማወቅ ሌላ። በብዙ ፓኔሎች ላይ አረንጓዴ መብራት የሚበራው ኮንታክተሩ (የሞተሩ ማብሪያ) ስለተዘጋ ብቻ ነው። ያ የሚነግረን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን እንጂ ሰሊጡን ወደ ላይ የሚያወጣው የኤሌቬተሩ ቀበቶ መንቀሳቀሱን አይደለም። አንድ ጊዜ ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ እያለ አንድ አዛውንት ኦፕሬተር እጃቸውን ኤሌቬተሩ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ቀበቶው እየተንሸራተተ ነው፤ ና ስማው» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ልክ ነዎት» አልኳቸው፤ ቆርቆሮው በእርግጥም በተለየ ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሳቸውን እጅ የሚተካው በታችኛው ፑሊ ላይ የሚታሰር ትንሽ የፍጥነት ሴንሰር ነው። ፑሊው መዞሩን ቆጥሮ ይናገራል። ዋጋው ከቀበቶው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ማሽን ሲገዛ ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ኢንተርሎክም፣ ማለትም አንዱ ማሽን ሲቆም ሌላውን የሚያስቆመው ትስስር፣ ያለዚህ ሴንሰር ባዶ ነው። የማበጠሪያ መስመር የሚነሣው ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ ማሸጊያው ጋር ያለው፣ ከዚያ ከለር ሶርተሩ፣ ግራቪቲው (በክብደት የሚለየው)፣ ድንጋይ መለያው፣ በመጨረሻም መቀበያው። ሲቆም በተቃራኒው ነው። መካከል ላይ አንዱ ከቆመ ከእሱ በፊት ያሉት ሁሉ ወዲያው መቆም አለባቸው፤ ካልሆነ የኤሌቬተሩ እግር በሰሊጥ ይታነቃል፣ ሰውም በአካፋ ሲያወጣ ይውላል። ግን «ቆመ» የሚለውን ማን ይናገራል? ኮንታክተሩ ከሆነ፣ ቀበቶ ሲንሸራተት ኢንተርሎኩ ምንም አያይም።

ከዚህ በኋላ ነው ፒአይዲ ስለሚባለው መቆጣጠሪያ ማውራት ትርጉም የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒኮላስ ሚኖርስኪ መርከብ ነጂዎች መሪ ሲይዙ እንዴት እንደሚያርሙ ተመልክቶ ነው የዚህን መቆጣጠሪያ ቀመር የጻፈው። ነጂው አሁን ያለውን ስሕተት ያያል፣ ተጠራቅሞ የቆየውን ያስባል፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነም ይገምታል። ሦስቱ ክፍሎች እነዚህ ናቸው። የሚጠራቀመው ክፍል እንደ ባለሱቅ የብድር ደብተር ነው፤ ያልተከፈለውን ሁሉ ይመዘግባል። እዚህ ላይ በቆላው በየቀኑ የሚያጋጥም ችግር አለ። ሰሊጥ የጫነ መኪና ዘግይቶ ሆፐሩ (መቀበያ ገንዳው) ባዶ ሲሆን መቆጣጠሪያው በሰዓት ይህን ያህል ኩንታል ፈልጎ ምንም ስለማያገኝ መጋቢውን እስከ መጨረሻው ፍጥነት ያደርሰዋል፤ ደብተሩም መሙላቱን ይቀጥላል። ሰሊጡ ሲደርስ ያን ሁሉ ዕዳ በአንድ ጊዜ ሊያስከፍል ይነሣል፣ መስመሩም ይጥለቀለቃል። መፍትሔው መጋቢው ገደቡ ላይ ሲደርስ መጠራቀሙ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሆፐሩ ባዶ መሆኑን የሚናገር ሴንሰር ካለም ነገሩ ይቀላል።

መዘግየትም አለ። መጋቢው ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ሰሊጡ በኤሌቬተር ወጥቶ ሚዛኑ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መካከል መቆጣጠሪያው የሚያየው ያለፈውን ነው። የቸኮለ ቴክኒሻን ለውጥ አላየሁም ብሎ ደጋግሞ ከጨመረ መስመሩ ሲወዛወዝ ይውላል። ዚግለርና ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1942 ካወጧቸው የመቆጣጠሪያ ማስተካከያ ዘዴዎች አንደኛው የሚጀምረው ይህንኑ መዘግየት በመለካት ነው። እኔም ማንኛውንም ቁጥር ከመንካቴ በፊት ሰዓት ይዤ ሚዛኑ ሥር እቆማለሁ።

ልኬትና ግብረ መልስ ከፋብሪካው አጥር ውጭም አሉ። በገንዳ ውኃ (ሸሕዲ) በኩል አልፎ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሲያያዝ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሞተሮች ሁሉ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሠራሉ፤ 50 ኸርዝ። ገዳሪፍ ላይ ጭነት ሲጨመር 460 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ጣና በለስ ያሉት ተርባይኖች በጥቂቱ ይዘገያሉ፤ ገቨርነሮቻቸውም (የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቻቸው) ይህን አይተው የውኃውን በር ይከፍታሉ። ይህም ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ያሰረው ተሽከርካሪ ኳስ የሠራው ሥራ ነው። በሁለት አገር መካከል ስልክ ሳይደወል መልእክቱን ያደረሰው ፍሪኩዌንሲው ራሱ ነው፤ በየትኛውም ጫፍ ያለ ማሽን ሊለካው ይችላል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሐቀኛ ልኬት የለም።

ልኬቱ ሐቀኛ ከሆነ በኋላ የሚቀረው ለሰው መድረሱ ነው። ብዙ ስክሪን ላይ የሚነሣው አላርም ኦፕሬተሩ በማያነበው ፊደልና በኮድ ብቻ የተጻፈ ነው። ሌሊት ተረኛው «ኤልቲ 102» የሚለውን አይቶ ቁልፉን ተጭኖ ያጠፋዋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? አሁን አላርም ሁሉ በአማርኛ፣ በሁለት መስመር እንዲጻፍ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው መስመር የሆነውን ይናገራል፦ «የ2ኛው ሲሎ መለኪያ ተቋርጧል»። ሁለተኛው የሚደረገውን፦ «መቀበያውን አቁም፣ ሲሎውን ከላይ በዓይን እይ፣ ከዚያ ሽቦውን ፈትሽ»። የሚደረግ ነገር የሌለው አላርም ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ መዝገብ ይገባል። ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው አንብበው ያልተስማሙበትን ጽሑፍ ፓኔሉ ላይ አልጭንም።